ካቶሊኮቹ ያጠበቁልኝ ማተብ

ሰሞኑን አንድ የቻናሉ ቤተሰብ በውስጥ መስመር እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «መምህር፣ አንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት በመምህርነት ለመቀጠር ፈተናውንም ኢንተርቪውንም አልፌ ‹ግባ› ተብያለሁ። ቤተሰቦቼ ግን እምነትህን ያስለውጡሃል ብለው ፈርተዋል። እርስዎ ብዙ ዘመን እዚያ አስተምረዋልና ምን ይመክሩኛል?» እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣልኝ የመጀመሪያው ስላልሆነ ለሁላችሁም እዚሁ ልመልስ። ባጭሩ፦ ግባ። ረዘም ያለውን ደግሞ ታገሡኝና ላውጋችሁ።

እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት ከመርጡለ ማርያም ብዙም በማይርቅ ገጠር ነው። የማስተምረው ባዮሎጂ ነው። እናቴ አዲስ አበባ ካቶሊክ ትምህርት ቤት መቀጠሬን ስትሰማ ስለ ደመወዙ አንዲት ነገር ሳትጠይቅ «ልጄ፣ ማተብህን እንዳያስበጥሱህ» አለችኝ። ፍርሃቷ ከሜዳ የመጣ አይደለም። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ ከሮም የተላከው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ መጥቶ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱም እንደገና ክህነት ይቀበሉ አለ። ወንድም ከወንድሙ ተላለቀ። ንጉሡ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። እኛ ሰፈር ልጅ ይህን ታሪክ የሚሰማው ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ከአዛውንት አፍ ነው። እናቴ አራት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሄዳ ብትፈራልኝ አልተቀየምኳትም።

ገብቼ ያየሁት ግን ሌላ ነው። የመንግሥት ሥርዓተ ትምህርት ነው የምናስተምረው፤ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነፃ ይሁን ይላል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ መዋዕለ ሕፃናትና ትምህርት ቤቶች ታስተዳድራለች። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። ከተማሪውም ከመምህሩም የሚበዛው ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ጴንጤ ነው። ካቶሊክ ያልሆነውን እናስወጣ ቢሉ ጥቁር ሰሌዳውና ጠመኔው ብቻቸውን ይቀሩ ነበር።

ትምህርት ቤቱን የሚመሩት የላሳል ወንድሞች የሚባሉት፣ እኛ «ብራዘር» እያልን የምንጠራቸው ናቸው። አዲስ አበባና አዳማ ያሉትን የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤቶች የምታውቁ ታውቋቸዋላችሁ። (የኔን ትምህርት ቤት በስም አልጠራም፤ እዚህ የምጽፈው የራሴን እንጂ የትምህርት ቤቱን አቋም አይደለም።) መነኮሳት ናቸው፤ ቄሶች ግን አይደሉም። አይቀድሱም፣ አያናዝዙም። ሥራቸው ማስተማር ነው፤ ምንኩስናቸውም እሱው ነው። ይህ ነገር መጀመሪያ ላይ በጣም ገርሞኝ ነበር፤ መነኩሴ ሲባል እኔ የማውቀው ገዳም ገብቶ ከዓለም የተለየውን ነውና። መሥራቻቸው ዮሐንስ ባፕቲስት ደ ላሳል እ.ኤ.አ. በ1651 ሬምስ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ከባለጸጋ ቤት ተወለደ። በረሃብ ዘመን ሀብቱን ለድሆች አከፋፍሎ ከደሃ አስተማሪዎች ጋር መኖር ጀመረ። ያኔ ልጆች በላቲን ነበር ማንበብ የሚጀምሩት፤ እሱ በአፍ መፍቻቸው በፈረንሳይኛ ይጀምሩ አለ። ተማሪን አንድ በአንድ እየጠሩ ከማስተማር ይልቅ በደረጃ ከፋፍሎ ክፍል ውስጥ በአንድነት የማስተማርን ዘዴ ካስፋፉት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የሮሙ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ የመምህራን ሁሉ ጠባቂ ቅዱስ ብለው ሰየሙት።

ወደ ክፍሉ ልግባ። ከምሳ በኋላ ያለውን ፔሬድ አስቡት፤ ስድሳ ምናምን ልጅ ከኳስ ሜዳ ላቡን ጠርጎ ሳይጨርስ ገብቷል፣ አንዱ ጀርባ ላይ የሌላው ቦርሳ ይበራል። ተራው የደረሰ ተማሪ ብድግ ይልና በእግዚአብሔር ፊት መሆናችንን እንድናስብ ያሳስባል። ከዚያ ዝምታ ነው። የዝምታው ርዝመት ከአጥሩ ውጪ ያለው የታክሲ ረዳት «መገናኛ፣ መገናኛ» ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ እስኪጣራ ቢሆን ነው። ከፊት የተቀመጠችው ልጅ ታማትባለች፤ ከጎኗ ያለው ሙስሊም ልጅ መዳፉን ይዘረጋል፤ ጴንጤዎቹ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ከዴስክ ሥር ስልክ ይነካካሉ (ይህን ሳልናገር ባልፍ ዋሽቼ አልፋለሁ)። አንድም ሰው የማንንም ጸሎት አላስጠናም። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠየቀው።

ይህ ልማድ ከተማሪዎቹ ይልቅ የሚሠራው መምህሩ ላይ ነው። ተማሪን በነገር መውጋት የሙያችን ወግ ነው፤ «አንተ ደንቆሮ» ሳይል የሚውል መምህር ስንት አለ? በእግዚአብሔር ፊት ነኝ ብለህ ዝም ካልክ ደቂቃ ሳይሞላ ግን ስድቡ ምላስ ላይ ይከብዳል። በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ፣ በየፔሬዱ፣ ይህን ስታደርግ ዓመት ሲደርብ ሳታስበው የሆነ ነገር ከውስጥህ ይለወጣል። እኔ እንደ ደንቡ ጠዋት በቤቴ አቡነ ዘበሰማያት እደግም ነበር፤ ሰላም ለኪንም እንደዚያው። ሥራ ከገባሁ በኋላ ግን እግዚአብሔር ለማታ ይቀጠር ነበር። ሥራና ጸሎት በአንድ ቀን ውስጥ በአንድ ሰዓት ላይ ሊገናኙ እንደሚችሉ ያየሁት እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

በትምህርት ቤቱ ዓመታዊ በዓል ቅዳሴ አለ። መምህር የመገኘት ግዴታ የለበትም፤ እኔ ግን ከጉጉትም ከይሉኝታም ገባሁ። የጠበቅኩት ፒያኖና ላቲን ነበር። የሰማሁት ግዕዝ ነው፤ ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ የካህኑና የሕዝቡ ቅብብል፣ ሁሉም ከልጅነቴ የማውቀው። የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የግዕዝ ሥርዓት እንዳላት በወሬ ሰምቼ ነበር፤ በጆሮ ሲሰሙት ግን ሌላ ነው። እኔም ሳላስበው መመለስ ጀመርኩ። የሮሙ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ስም ሲነሣ አፌ ተያዘ። እዚያች ላይ ቅጥሩ እንዳለ ታወቀኝ። ቁርባን ሲሰጥ ከቦታዬ አልተነሣሁም።

በኋላ ግቢው ውስጥ አንድ አዛውንት ብራዘር አገኙኝ። ነገሩን አስተውለው ኖሯል። «አለመቁረብህ ልክ ነው፤ የቤተ ክርስቲያንህ ሥርዓት ነው፣ አክብረው» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ፣ ልክ የማርክ ሊስት አስረከብክ ወይ እንደሚባል ባለ ድምፅ፣ «በራሳችሁ ቤተ ክርስቲያን የቆረብከው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ምን ልበላቸው? እኛ ዘንድ ነገሩ የታወቀ ነው። በልጅነት ይቆረባል፤ ድምፅ ሲጎረንን «አሁንማ ኃጢአተኛ ሆኛለሁ» ተብሎ ይቆማል፤ ከዚያ ወይ ለተክሊል፣ ወይ ፀጉር ሲሸብት ይመለሱበታል። በመካከል ያለው ሃያና ሠላሳ ዓመት ደጀ ሰላም ቆሞ ማስቀደስ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ እንዲህ አድርጉ ብላ አላዘዘችም፤ ልማድ ነው ያመጣው። እናቴ ካቶሊክ ያስለውጡኛል ብላ ስትፈራ፣ እኔ በገዛ ቤቴ ከማዕዱ ርቄ በር ላይ የቆምኩ ሰው ነበርኩ። ብራዘር መልሴን አልጠበቁም፤ ሰላምታ ሰጥተውኝ ሄዱ። በዚያው ዓመት ዐቢይ ጾም ንስሐ አባት ያዝኩ። ለፋሲካ ቆረብኩ። ለንስሐ አባቴ ማን እንደላከኝ ስነግራቸው ሳቁና «እግዚአብሔር መልእክተኛ አያጣም» አሉ።

ሌላው ያልጠበቅኩት የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ የሆነው ነው። የሴሚስተሩ ማርክ ሮስተር ላይ ከሰፈረ በኋላ ተጠራን። ስንት በመቶ አለፈ፣ ስንት ወደቀ ተባብለን ቡና ጠጥተን የምንበተን መስሎኛል። ብራዘር የወደቁትን ስም ይዘው ተነሡና አንዱን ጠርተው «የዚህን ልጅ ቤት የሚያውቅ አለ?» አሉ። ማንም አልመለሰም። ሌላ ስም ጠሩ፦ «ይህስ ከማን ጋር ነው የሚኖረው?» የስፖርት መምህርቷ ብቻ እጇን አወጣች። «አያቱ ጋ ነው። አያቱ ጉልት ይቸረችራሉ፤ ጠዋት ጠዋት ድንችና ሽንኩርቱን ተሸክሞ የሚያወጣላቸው እሱ ነው» አለች። ልጁ የኔን ፔሬድ በእንቅልፍ የሚያሳልፈው ነው። ክፍያ ከማይከፍሉት አንዱ መሆኑንም ያን ዕለት አላወቅኩም፤ የነዚህን ልጆች ስም ከአስተዳደሩ በቀር የሚያውቅ የለም፣ ዩኒፎርማቸውም ደብተራቸውም ከሌላው አይለይም። ብራዘር ምንም ሳይጨምሩ ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።

ደ ላሳል ለመምህራን በጻፈው ውስጥ ደጋግሞ የሚመለስበት ሐሳብ አለ፦ መምህር ስለ ተማሪዎቹ ለእግዚአብሔር መልስ ይሰጣል፤ ስለዚህም በየስማቸው ይጸልይላቸው። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ በዳዊቴ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት አለች። የወደቁትን፣ የሚያስቸግሩኝን፣ እውነቱን ለመናገር ዓይናቸውን ማየት የማልወዳቸውን ልጆች ስም እጽፍባታለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ጨንቆኝ ነበር። እኛ ስም የምናነሣው በክርስትና ስም ነው፤ ከልጆቼ ደግሞ አሕመድም ሐያትም አሉ። ንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። «ዝናቡ ሲዘንብ ማተብ ያለውን መርጦ ነው እንዴ?» አሉኝና ነገሩ በዚህ አለቀ። ማታ በጸሎት ስሙን የጠራኸውን ልጅ ጠዋት «አንተ ሰነፍ» ማለት አይቻልም። ሞክሩት፤ አፍ ላይ አይወጣም።

አሁን ወደ ባዮሎጂው። በድሮው ሥርዓተ ትምህርት 12ኛ ክፍል ላይ ኢቮሉሽን ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነበረው። አንዲት ጎበዝ ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ማተብ አስረው ይሄን ሲያስተምሩ አይጨንቅዎትም?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ የምላት ግን አልነበረኝም። ብራዘርን ብጠይቃቸው የካቶሊኮቹን መልስ ነገሩኝ፦ ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጡት መልእክት ነፍስን በቀጥታ የሚፈጥር እግዚአብሔር መሆኑ እስከተጠበቀ ድረስ የሰው ሥጋ አመጣጥ በሳይንስ ቢመረመር አልከለከሉም፤ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ደግሞ በ1996 ኢቮሉሽን ከመላ ምት ያለፈ ነገር ነው ብለዋል። እሺ፣ እነሱ ጠርዙን ይዘውታል። የኔስ አባቶች ምን አሉ? ይህን አለማወቄ አናደደኝ። የሰፈሬን ደብር መሪጌታ ሄጄ ጠየቅኩ። ሙግት አልገጠሙኝም፤ አክሲማሮስን አንብብ አሉኝ። የስድስቱን ቀን ሥነ ፍጥረት የሚተነትነው፣ በኤጲፋንዮስ ስም የሚጠራው መጽሐፍ ነው። ስሙን ከልጅነቴ እሰማለሁ፤ ገልጬው አላውቅም ነበር።

ስለ ዳርዊን የሚለው ነገር የለም፤ ከየት አምጥቶ? ግን ፍጥረትን እየዘረዘረ ፈጣሪን የሚያመሰግንበት ስልት አለው። ከዚያ ወዲህ ቤተ ሙከራ ገብቼ የሽንኩርት ልጣጭ ማይክሮስኮፕ ሥር ሳስገባ፣ ሴሎቹ ጡብ በጡብ ተደርድረው ሲታዩ፣ ልጆቹ «ዋው» ሲሉ፣ እኔ በልቤ ሌላ ነገር እላለሁ። ለዚያች ተማሪም በሳምንቱ መለስኩላት፦ ሳይንሱ የሚጠይቅሽን በሳይንስ አጥኚና መልሺ፤ ፈጣሪሽን ለማመን ግን የመማሪያ መጽሐፉን ፈቃድ አትጠብቂ። መልሱ ሁሉንም ያረካል አልልም። አንዳንድ ወላጆችን አላረካም፤ ከሁለቱም ወገን።

በነገራችን ላይ ሜንዴልን ስናስተምር «የጄኔቲክስ አባት» ብለን እንዘለዋለን። ሰውየው ብርኖ በምትባለው ከተማ የአውግስጢኖሳውያን ገዳም መነኩሴ ነበር። የመምህርነት ማረጋገጫ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቋል! ሃያ ስምንት ሺህ ገደማ የአተር ተክል በገዳሙ ግቢ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተመውን ውጤት ዓለም የተቀበለው በ1900 ነው፤ እሱ ከሞተ 16 ዓመት አልፎታል። የሱን ታሪክ ለወደቀ ተማሪ ስነግረው ቀና ሲል አይቻለሁ።

እናቴን አልረሳኋትም። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የአንድ ያገሬ ሰው ታሪክ አገኘሁ። አባ ገብረ ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1791 ዲቦ በምትባል ቦታ ተወልደው የመርጡለ ማርያም መነኩሴ የነበሩ የኦርቶዶክስ ሊቅ ናቸው። ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብጽ ከተላከው ልዑክ ጋር ሲሄዱ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ከተባለው ካቶሊካዊ ሚስዮናዊ ጋር ተዋወቁ፤ በ1844 ካቶሊክ ሆኑ። በዚህም ታሰሩ፣ ተገረፉ፤ በ1855 በሰንሰለት እንደታሰሩ ሞቱ። ካቶሊኮች በ1926 ብፁዕ ብለዋቸዋል። እኔ የሳቸውን መንገድ አልሄድም፤ የሱስንዮስን ዘመን ደም ስቆጥር የኖርኩ ሰው ግን ግፉ በአንድ ወገን ብቻ እንዳልነበረ ማወቅ ነበረብኝ። ለእናቴ በስልክ ሳወራላት ጸጥ ብላ ሰማችና «እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር» አለች። ከሷ እንዲህ ያለ ቃል እሰማለሁ ብዬ አልገመትኩም።

በሊቢያ በአይኤስ እጅ የተገደሉትን ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ነገርም ላንሣ። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ዳግም ትንሣኤ ነበር፣ ወንድሞቻችን በሜዲትራኒያን ዳርቻና በበረሃው ሲታረዱና ሲረሸኑ የሚያሳየው ቪዲዮ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ሰልፍ ላይ ከቂርቆስ ሰፈር የሚመጡ ልጆች ዓይናቸው አብጦ ነበር። ሚኒ ሚዲያው ዜና አላነበበም። ብራዘር ማይኩን ይዘው ጸልዩ አሉ፤ የማን ጸሎት እንደሆነ አላሉም። ሙስሊሞቹ ልጆች ከክርስቲያኖቹ ጋር ተቃቅፈው አለቀሱ። በዚያው ሰሞን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ለፓትርያርካችን ለአቡነ ማትያስ በላኩት መልእክት የተገደሉት ካቶሊክ ይሁኑ ኮፕት፣ ኦርቶዶክስ ይሁኑ ፕሮቴስታንት ለውጥ የለውም፣ በክርስቶስ ምስክርነት ደማቸው አንድ ነው አሉ። የመምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ሰው አትሞ ለጠፈው። ወረቀቱ ከርሞ ቢጫ እስኪሆን ማንም አላነሣውም።

እንዲህ ስል ግን ገነት አስመስዬ እንዳልስለው። ደ ላሳል የተነሣው ለእጅ ሥራ ባለሙያና ለደሃ ልጅ ነው። ዛሬ ምዝገባ ሲደርስ አዲስ አበባ ውስጥ ታዋቂዎቹ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በር ላይ የሚሰለፈውን መኪና እዩት። ከወላጆቹ አብዛኞቹ የሚመጡት ለእንግሊዝኛውና ለዲሲፕሊኑ ነው። ልጄ ሰው ይሁንልኝ የሚል አለ፤ ልጄ ከሌላው ይብለጥልኝ የሚለው ግን ይበዛል። በነፃ የሚማሩት ባይኖሩ ኖሮ መሥራቹ ራሱ በሩን የሚያልፍ አይመስለኝም። መምህሩም ቢሆን ሁሉም ለጸሎት የመጣ አይደለም፤ ለደመወዝ ነው የመጣነው፣ እኔም ጭምር። የየፔሬዱን ጸጥታ «በቀን የአምስት ደቂቃ ብክነት» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ሥራቸውን አክብረው የሚሠሩ ጎበዝ መምህራን ናቸው። ነገሩ ሁሉንም እኩል አይነካም።

አንተ ግን፣ የጠየቅከኝ ወንድሜ፣ ከመፈረምህ በፊት ውሉን አንብብ፤ በአምልኮ መገኘት ግዴታ የሚል ነገር ካለበት በግልጽ ጠይቅ፣ በኔ ውል ላይ አልነበረም። የጾም ነገር አያስጨንቅህ፤ እኛ ካፌ ረቡዕና ዓርብ ሽሮ አይጠፋም። ለቤተሰቦችህ ከሌላ ሰው ሳይሰሙ አንተው ንገራቸው። ንስሐ አባት ከሌለህ ደግሞ ከመስከረም በፊት ያዝ፤ ጥያቄው ከተማሪም ከብራዘርም ስለማይቀርልህ ባዶ እጅህን አትግባ። በሙስሊም፣ በወንጌላውያን ወይም በሌላ ቤተ እምነት ትምህርት ቤት የምታስተምሩ ካላችሁ የእናንተን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ከፈቀዳችሁ ስም ሳልጠቅስ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።